ከምጣዱ ጭስ እስከ ጆርናሉ ገጽ

የአካባቢ ጤና የሚባለው የሳይንስ ዘርፍ ሰው በሚተነፍሰው አየር፣ በሚጠጣው ውኃ፣ በሚመገበው ምግብና በሚረግጠው አፈር በኩል ወደ ሰውነቱ የሚገቡ ነገሮች በጤናው ላይ ምን እንደሚያስከትሉ የሚመረምር ሲሆን፣ ግኝቶቹ ለዓለም የሚደርሱት በአብዛኛው ጆርናል በሚባሉ፣ የቀረበላቸውን ጽሑፍ በሙያው አቻ በሆኑ ገምጋሚዎች አስመርምረው በሚያሳትሙ የምርምር መጽሔቶች አማካይነት ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ የአካባቢ ጤና ሳይንስ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1972 የተመሠረተው «ኢንቫይሮመንታል ኸልዝ ፐርስፔክቲቭስ» በዘርፉ በስፋት ከሚታወቁት አንዱ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ጆርናል የሚላክ ጽሑፍ ተቀባይነት የሚያጣው ብዙ ወጣት ተመራማሪዎች እንደሚሰጉት በእንግሊዝኛው ድክመት ሳይሆን፣ በውስጡ የሰፈረው ቁጥር እንዴት እንደተገኘ በበቂ ሁኔታ ስላልተነገረ ሊሆን ይችላል።

የጽሑፉ ቅርጽ ራሱ አያስቸግርም። መግቢያው ጥያቄውን፣ የጥናት ዘዴው አሠራሩን፣ ውጤቱ የተገኘውን፣ ውይይቱ ደግሞ የተገኘው ነገር ምን ማለት እንደሆነ ይናገራል፤ ከሁሉም በፊት አኅጽሮተ ጥናት የሚባለው፣ አብዛኛው አንባቢ ከእርሱ አልፎ የማይሄደው አጭር ጭማቂ ይቀመጣል። ጸሐፊዎች በመግቢያው ላይ ብዙ ቀን ይደክማሉ፤ ገምጋሚው ግን ቶሎ የሚገልጠው የጥናት ዘዴውን ነው።

በእንጨት፣ በጭራሮ ወይም በኩበት እንጀራ የሚጋገርበት ማዕድ ቤት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በእንዲህ ያለ ጥናት የሚለካው ዋና ነገር ፒኤም 2.5 ሲሆን፣ ይህም ዲያሜትራቸው ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጥ፣ ማለትም የሰው ፀጉር ውፍረት አንድ ሠላሳኛ ያህል የሆኑ፣ እስከ ሳንባ ጥግ ድረስ የሚዘልቁ ብናኞች መጠሪያ ነው። ጸሐፊው «የማዕድ ቤቱ አየር በከፍተኛ ደረጃ ተበክሎ ተገኝቷል» ብሎ ቢያልፍ ለገምጋሚው ምንም አልነገረውም። መሣሪያው ከወለሉ በምን ያህል ከፍታ፣ ከምድጃውስ በስንት ሜትር ርቀት እንደተሰቀለ፣ በሩና መስኮቱ ክፍት ይሁኑ ዝግ፣ ማገዶው የባሕር ዛፍ ይሁን ኩበት፣ እርጥብ ይሁን ደረቅ፣ ልኬቱም ሙሉ ቀን ይቆይ ወይስ ጋገራው እንዳበቃ ይቁም ሊጻፍ ይገባል።

የመጨረሻው ነጥብ ትንሽ ይመስላል እንጂ ትንሽ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የፒኤም 2.5 የ24 ሰዓት አማካይ መጠን በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ15 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመከራል። ለማስረዳት ያህል፣ ሁለት ሰዓት በፈጀ ጋገራ አማካዩ 600 ሆኖ በቀሩት 22 ሰዓታት 30 ቢሆን፣ የሙሉ ቀኑ አማካይ 77.5 ይሆናል። ይህ ከተመከረው ወሰን አምስት እጥፍ በላይ ስለሆነ በራሱ የሚያስደነግጥ ነው፤ ሆኖም 600ን በቀጥታ ከ15 ጋር አነጻጽሮ «አርባ እጥፍ» ብሎ የጻፈ ተመራማሪ፣ የሁለት ሰዓት ልኬትን ለሙሉ ቀን ከተሠራ ወሰን ጋር አዳብሏልና እውነተኛውም ግኝቱ አብሮ ይጣልበታል።

ከዚህ የረቀቀም እንቅፋት አለ። አነስተኛና ርካሽ የሆኑት የዘመኑ መለኪያዎች ብናኙን የሚቆጥሩት ብርሃን ልከው የሚበተነውን መጠን በመመዝገብ ነው፤ አክንባሎው ሲከደን የታመቀው እንፋሎት ሲከፈት ወደ ላይ ይተናል፣ መሣሪያውም የውኃውን ጠብታ ከጭሱ ብናኝ ለይቶ ማወቅ ስለማይችል ከእውነታው የበለጠ ቁጥር ሊያስነብብ ይችላል። ይህን የሚያውቅ ተመራማሪ ቢያንስ በተወሰኑ ቤቶች አየሩን በማጣሪያ ስቦ፣ ማጣሪያውን ከልኬቱ በፊትና በኋላ መዝኖ፣ የመሣሪያውን ንባብ በዚያ ያርመዋል፤ ያረመበትንም መንገድ በጥናት ዘዴው ውስጥ ያሰፍረዋል። ያላረመው ደግሞ ይህንኑ በጥናቱ ውስንነት ሥር በግልጽ ቢጽፍ ይሻለዋል፤ በአካባቢ ጤና ጆርናሎች ዘንድ የተናዘዙት ድክመት ከተደበቀው ይልቅ ብዙ ጊዜ ይቅር ይባላል።

በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ ስላለው ፍሎራይድ የሚጻፉ ጥናቶችም ተመሳሳይ ጥያቄ ይነሣባቸዋል። ለመጠጥ ውኃ የተመከረው ከፍተኛ መጠን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ ጥርስን የሚያበልዘውና በበዛ ጊዜ አጥንትን የሚጎዳው ግን በውኃው ውስጥ ያለው ሳይሆን ወደ ሰውነት የገባው ነው። በሞቃት አካባቢ ከቤት ውጭ የሚሠራ ሰው በቀን የሚጠጣው ውኃ ቤት ውስጥ ከሚውለው የበዛ ስለሆነ፣ ከአንድ ጉድጓድ የሚቀዱ ሁለት ሰዎች እኩል ተጋላጭ ናቸው ማለት አይቻልም። ገምጋሚው «የውኃው ፍሎራይድ ተለክቷል፤ የሚጠጣው መጠንስ?» ቢል ክፋት አይደለም።

የቃላት አመራረጥም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ጭስ በሚበዛባቸው ቤቶች የሚኖሩ ሕፃናት አብዝተው የሚያስሉ ሆነው በአንድ ጊዜ ቅኝት ቢገኙ፣ «ጭሱ ሳሉን አመጣ» ማለት አይቻልም፤ እነዚያው ቤቶች ይበልጥ ድኾችና የተጨናነቁ ሊሆኑ ስለሚችሉ «ጭሱ ከሳሉ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል» የሚለው የታመነው አነጋገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው፣ 22 ነጥቦች ያሉት «ስትሮብ» የተባለው ማረጋገጫ ዝርዝር ለእንዲህ ዓይነት የምልከታ ጥናቶች የተዘጋጀ ሲሆን፣ ብዙ ጆርናሎች ተሞልቶ ከጽሑፉ ጋር እንዲላክ ይጠይቃሉ።

በኋላ ሊታረም የማይችል አንድ ጉድለት አለ፤ እርሱም የምርምር ሥነ ምግባር ፈቃድ አለመኖር ነው። የፈቃዱ መነሻ እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የሄልሲንኪ መግለጫ ሲሆን፣ በዚህ መሠረት ማዕድ ቤቷ የሚለካባት እናት ስለ ጥናቱ በምትረዳው ቋንቋ ተነግሯት፣ እምቢ ማለት እንደምትችልም አውቃ መስማማት አለባት፤ ጥናቱም ገና ሳይጀመር በተቋሙ የሥነ ምግባር ኮሚቴ መጽደቅ ይኖርበታል። መረጃው ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ የሚፈለግ ማኅተም በጆርናሎች ዘንድ ዋጋ የለውም።

የደራሲዎች ስም ዝርዝርም ለብዙ ቅሬታ ምክንያት ይሆናል። ዓለም አቀፉ የሕክምና ጆርናሎች አዘጋጆች ኮሚቴ ባስቀመጠው መስፈርት ደራሲ የሚባለው በጥናቱ ንድፍ ወይም በመረጃው ሥራና ትንታኔ ጉልህ ድርሻ ያለው፣ ጽሑፉን በማርቀቅ ወይም በማረም የተሳተፈ፣ የመጨረሻውን ቅጂ ያጸደቀና ለሥራው ተጠያቂነትን የተቀበለ ሰው ነው፤ አራቱም መሟላት አለባቸው። የክፍል ኃላፊን ስም በአክብሮት ብቻ ማስገባት፣ ምንም እንኳ በባህላችን እንደ ጨዋነት ቢቆጠር፣ በዚህ መስፈርት አያልፍም፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎትም ደራሲ ሊሆን አይችልም።

ጽሑፉ በጆርናሉ የኢንተርኔት ሥርዓት፣ ከአጭር ሸኚ ደብዳቤ ጋር፣ በአንድ ጊዜ ለአንድ ጆርናል ብቻ ይላካል። አዘጋጁ ካላሰናበተው ብዙውን ጊዜ ለሁለት ወይም ለሦስት ገምጋሚዎች ያስተላልፈዋል፤ አስተያየታቸው ሲመለስ እያንዳንዱ ነጥብ ተገልብጦ ከሥሩ መልሱና የተሻሻለው ገጽ ይጻፋል። በአስተያየቱ የማይስማማ ጸሐፊ ማስረጃ አቅርቦ መከራከር ይችላል፤ በዝምታ ማለፍ ግን አይፈቀድለትም።

ክፍያን በተመለከተ፣ ብዙ አሳታሚዎች ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ለሚገኙ ተመራማሪዎች የኅትመት ክፍያን ይሰርዛሉ ወይም ይቀንሳሉ፤ ጥያቄው ግን ብዙውን ጊዜ ጽሑፉ ሲላክ እንጂ ከተፈቀደ በኋላ ስለማይስተናገድ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጽሑፍ በጥቂት ቀናት ውስጥ እንደሚታተም ቃል የሚገባ፣ ማንም ሳይጠይቀው በኢሜይል የሚጋብዝና ገንዘቡን የሚያስቀድም ጆርናል ግን የአሜሪካው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ጄፍሪ ቢል «አዳኝ» ብሎ ከሰየማቸው ወገን የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው።

ተቀባይነት ካገኘ በኋላም የማተሚያ ረቂቅ ለጸሐፊው ይላካል፤ ለማረም የሚሰጠውም ጥቂት ቀን ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ መታየት ያለበት ሠንጠረዡ ነው፤ ፊደላቱ ከአንዱ ሶፍትዌር ወደ ሌላው ሲገለበጡ የማይክሮ ምልክት የሆነው የግሪክ ፊደል ወደ ሚሊ ምልክት ሊለወጥ ስለሚችል፣ 77.5 ማይክሮግራም ብሎ የላከው ተመራማሪ 77.5 ሚሊግራም፣ ማለትም ሺሕ እጥፍ የሆነ ጭስ፣ በስሙ ሥር ታትሞ ሊያገኝ ይችላል።