ማርሹ ለምን አልገባ አለ?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሞጆ፣ በአዳማና በመተሐራ አልፎ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው መንገድ ከ2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ጀምሮ የባሕር ጠረፍ ላይ ያበቃል። በዚህ መስመር የሚመላለስ የጭነት መኪና ቁልቁለቱን በደኅና የሚወርደው ሞተሩ ፍሬኑን ሲያግዘው ነው። ዝቅተኛው ማርሽ አልገባ ካለ ግን ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ ፍሬኑም ይግላል፣ ይደክማል። ታዲያ ማርሽ የሚከብደው ለምንድን ነው?

በጋራዦቻችን የሚነገሩት «ፍሪሲዮን» እና «ካምቢዮ» የተባሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። የመጀመሪያው ሰበቃ፣ ሁለተኛው ለውጥ ማለት ነው። የጉዳዩም ምሥጢር በእነዚሁ ቃላት ውስጥ ይገኛል።

አንድ ማርሽ እንዲገባ የሚገናኙት ሁለት ክፍሎች እኩል ፍጥነት ሊኖራቸው ይገባል። ለምሳሌ ወደ ጎማ የሚሄደው ዘንግ በደቂቃ 600 ጊዜ ይዞራል እንበል። የሦስተኛው ማርሽ ምጥጥን 2፣ የሁለተኛው 3 ቢሆን፣ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ስንቀይር የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ከ1,200 ወደ 1,800 ዙር መፍጠን አለበት። ይህን የሚያከናውነው ሲንክሮናይዘር ነው፤ ቀለበቱ በሾጣጣ ገጽ ላይ ተጭኖ በሰበቃ ፍጥነቱን ያመሳስላል። ካዲላክ ይህን ዘዴ በመኪኖቹ ላይ ያዋለው እ.ኤ.አ. በ1928 ነበር። ይሁን እንጂ ቀለበቱ ዘንጉን እንጂ ሙሉውን ሞተር የመጎተት ዐቅም የለውም። ስለዚህ ፍሪሲዮኑ ፈጽሞ ካልለቀቀ ማርሹ ይጮኻል፣ ይከብዳል።

ካምቢዮውን ከመፍታት በፊት አራት ነገሮችን በቅደም ተከተል እንመርምር።

አንደኛ፣ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ጎማው ታኮ ተደርጎለት፣ ሞተሩ ጠፍቶ ማርሾቹን እንሞክር። ሞተሩ ሲጠፋ በቀላሉ ገብተው ሲነሣ የሚከብዱ ከሆነ፣ መጀመሪያ የምንጠረጥረው ፍሪሲዮኑን ነው። የፔዳሉን ልክ፣ የፓምፑን ጎሚኒ፣ የዘይቱን መጠን እንይ። ፈሳሽ አይታመቅም፤ አየር ግን ይታመቃል። በቱቦው ውስጥ አየር ከገባ የእግራችን ግፊት አየሩን በማመቅ ያልቃል። የፍሪሲዮን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ፣ ያረጀ ዘይት በቆላው ሙቀትና በሞተሩ ግለት በቀላሉ አረፋ ሊያወጣ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ሞተሩ ጠፍቶም ሁሉም ማርሾች ከከበዱ ከማርሽ እጀታው እስከ ካምቢዮው ያለውን ማገናኛ እንፈትሽ፤ የታጠፈ፣ የደረቀ ወይም የላላ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ የሚያስቸግረው አንድ ማርሽ ብቻ ከሆነ የዚያ ማርሽ ቀለበት ወይም ጥርስ ሳያልቅ አልቀረም።

አራተኛ፣ ማርሹ በደጋው ብርድ ማለዳ ከብዶ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የሚቀል ከሆነ የካምቢዮው ዘይት ወፍራም ነው ማለት ነው። ዘይት ሲቀየርም የአምራቹን መመሪያ መከተል ይገባል፤ ከልክ በላይ የሚያንሸራትት ዘይት ቀለበቱ የሚሠራበትን ሰበቃ ይቀንስበታልና።

ካምቢዮ መክፈት የሚገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የማርሽ መክበድ ያለበት መኪና ጥፋቱ ሳይታወቅ ጭኖ ከአዳማ ወደ አዋሽ መውረድ የለበትም። ደኅናውም ቢሆን ዝቅተኛውን ማርሽ መያዝ ያለበት ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው።