ሁለት ካርድ በአንድ ዋጋ፤ ለአይከል የትኛው ይሻላል?

ባለፈው ክረምት ከአይከል የመጣን አምስት ተማሪዎች የዕቁባችንን ገንዘብ አንድ ላይ አድርገን አንድ ኮምፒዩተር ልንገጣጥም ተስማማን። ማዘርቦርዱን፥ ፕሮሰሰሩንና ሣጥኑን ለመምረጥ አንድ ምሽት በቃን። ግራፊክስ ካርዱ ላይ ስንደርስ ግን ሁለት ወገን ሆነን ሦስት ሳምንት ተከራከርን፤ እንዲያውም ከመካከላችን ሁለቱ ለጥቂት ቀን ሰላምታ እስከ መነፋፈግ ደርሰው ነበር። ነገሩ ለሚስቅ ሰው ያስቃል፤ ዳሩ ግን ገንዘቡ የአንድ ዓመት ቍጠባ ነው፤ ተሳስተን ብንገዛ መልሰን ሸጠን ሌላ የምንገዛበት ዐቅም የለንም። ከክርክሩ ያገኘነውን ትምህርት ለጓደኞቻችን ማካፈል ይገባል ብለን ስላሰብን ይህን ጽሑፍ አዘጋጀን።

ግራፊክስ ካርድ (በገበያችን ብዙ ሰው አሁንም በጥንት ስሙ «ቪጂኤ» ይለዋል) ሥራው ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ መረዳት ያስፈልጋል። አንድ የተለመደ ሞኒተር በአግድም 1920፥ በቁመት 1080 ነጠብጣቦች አሉት፤ ሲባዛ 2,073,600 ይሆናል። ጨዋታው ሳይንቀጠቀጥ እንዲታይ ምስሉ በሴኮንድ 60 ጊዜ እንደ ገና መሣል አለበት፤ ይኸውም በአንዲት ሴኮንድ ውስጥ ከ124 ሚሊዮን በላይ ነጠብጣብ ቀለሙ ተሰልቶ ይወጣል ማለት ነው። ፕሮሰሰር እንደ አንድ ሊቅ ነው፤ ከባድ ጥያቄ ይፈታል፥ ግን ብቻውን ነው። ግራፊክስ ካርድ ደግሞ ደቦ ነው፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ የሚያውቀው ትንሽ ነገር ቢሆንም በሺሕ የሚቈጠሩት በአንድ ጊዜ ሲያጭዱ አዝመራው በቅጽበት ያልቃል።

ክርክራችን የነበረው በኤንቪዲያ «አርቲኤክስ 3060» እና በኤኤምዲ «አርኤክስ 6600» መካከል ነው። የመጀመሪያው የካቲት 18 ቀን 2013 ዓ.ም.፥ ሁለተኛው ጥቅምት 3 ቀን 2014 ዓ.ም. ለገበያ ቀረቡ። ሁለቱም ሲወጡ ይፋ የተደረገላቸው ዋጋ 329 የአሜሪካ ዶላር ነበር። ይህ ግን የወረቀት ዋጋ ነበር ማለት ይቻላል፤ በዚያን ጊዜ ኢተሪየም የተባለውን የኮምፒዩተር ገንዘብ የሚቈፍሩ ሰዎች ካርዱን በጅምላ ይገዙት ስለ ነበር፥ ለጨዋታ የሚፈልገው ሰው ከይፋው ዋጋ እጅግ አብልጦ ካልከፈለ አያገኝም ነበር። ኤንቪዲያ 3060ን ሲያወጣ «ለቍፋሮ እንዳይመች ልጓም አበጅቼለታለሁ» የሚል ቃል ሰጥቶ ነበር፤ አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ ራሱ ለሙከራ ባወጣው ድራይቨር ልጓሙን በስሕተት ፈታው። በኋላም መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ኢተሪየም አሠራሩን ለውጦ በካርድ መቈፈር ሲቀር፥ ቀንና ሌሊት ሲቈፍሩ የኖሩ ካርዶች በየአገሩ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ፈሰሱ። ይህን ታሪክ ያነሣነው በከንቱ አይደለም፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በሻጭ ወረቀት ላይ መጀመሪያ ዐይን ውስጥ የሚገባው የሠራተኞቹ ቍጥር ነው፤ 3060 3584 ሲኖሩት 6600 ያሉት 1792 ናቸው። ልክ እጥፍ! ከመካከላችን አንዱ በዚህ ብቻ ነገሩ አልቋል ብሎ ነበር። ይሁን እንጂ የሁለት ኩባንያዎችን ሠራተኞች በቍጥር ማወዳደር የአህያ ጭነትን ከግመል ጭነት ጋር በእንስሳቱ ቍጥር እንደ ማወዳደር ነው። ኤንቪዲያ በዚያ ትውልድ ካርዶቹ ከሠራተኞቹ ግማሾቹን ሁለት ዐይነት ሥራ አሸክሟቸዋል፤ ሙሉ ቍጥር በሚያሰሉበት ጊዜ የነጥብ ቍጥር አይሠሩም፥ ጨዋታ ደግሞ ሁለቱንም ይፈልጋል። የኤኤምዲው ካርድ በቍጥር ቢያንስም ይፈጥናል፤ እስከ 2491 ሜጋኸርዝ ሲሮጥ የዚያኛው ይፋ ፍጥነት 1777 ነው።

ሁለተኛው ነገር ወደ ሜሞሪው የሚወስደው መንገድ ነው። የ3060 መንገድ 192 ቢት ስፋት ስላለው በሴኮንድ 360 ጊጋባይት ያሳልፋል፤ የ6600 መንገድ ግን 128 ቢት ነው፥ የሚያሳልፈውም 224 ጊጋባይት ነው። ኤኤምዲ ይህን ጥበት ለማካካስ ከቺፑ ውስጥ 32 ሜጋባይት የቅርብ ሜሞሪ አስቀመጠ። እናቶቻችን ይህን ዘዴ ካወቁት ቈይተዋል፤ እህሉ ሁሉ በጎተራ ነው፥ የሳምንቱ ዱቄት ግን በጓዳ አጠገባቸው ይቀመጣል፤ ለእያንዳንዱ እንጀራ ጎተራ የሚሄድ የለም። ለ1920 በ1080 ምስል የጓዳው ዱቄት ይበቃል። ምስሉ ወደ 2560 በ1440 ወይም ከዚያ በላይ ሲያድግ ግን ወደ ጎተራው መመላለሱ ይበዛል፤ ያን ጊዜ 3060 እየራቀ ይሄዳል። የእኛ ሞኒተር 1080 ስለ ሆነ ይህ ጉዳይ ብዙ አላስጨነቀንም።

እንግዲህ ሁለቱ በጨዋታ ሲፈተኑ ምን ይሆናል? በ1080 ምስል ብዙ ጨዋታዎች ተደምረው በአማካይ ሲታዩ ልዩነቱ ጥቂት በመቶ ብቻ ነው፤ አንዱ ጨዋታ ለዚህ፥ ሌላው ለዚያ ያዳላል፥ በጥቅሉ 3060 በትንሹ ይቀድማል። በፕሌይስቴሽን ቤት በግጥሚያ ሒሳብ እየከፈልን፥ ሳንቲም ስናጣም ወደ ጆተኒ እየዞርን ላደግን ለእኛ፥ የእግር ኳሱም ጨዋታ ሆነ ጂቲኤ 5 በሁለቱም ካርዶች ከበቂ በላይ ይሄዳል። ልዩነቱ ጐልቶ የሚታየው ሬይ ትሬሲንግ በተባለው፥ የብርሃንን ጨረር እየተከተለ ጥላንና ነጸብራቅን በሚያሰላው ዘዴ ላይ ነው፤ በዚህ 3060 በግልጽ ይበልጣል። እንደዚሁም ትንሽ ምስል ሠርቶ በብልኀት የሚያሳድገው «ዲኤልኤስኤስ» የሚገኘው በኤንቪዲያ ብቻ ነው፤ የኤኤምዲው «ኤፍኤስአር» ግን በሁለቱም ካርዶች ላይ ይሠራል፥ የምስሉ ጥራት ትንሽ ቢያንስም። በእኛ አስተያየት በዚህ ደረጃ ባለ ካርድ ሬይ ትሬሲንግን መክፈት ጨዋታውን ማንቀርፈፍ ነው፤ ስለዚህ ለውሳኔ ብዙ ክብደት አልሰጠነውም።

ክብደት የሰጠነው ለሜሞሪው መጠን ነው፤ 3060 12 ጊጋባይት፥ 6600 8 ጊጋባይት። በ2015 ዓ.ም. የካቲትና መጋቢት ላይ «ሆግዋርትስ ሌጋሲ» እና «ዘ ላስት ኦፍ አስ ክፍል 1» ለኮምፒዩተር ሲወጡ 8 ጊጋባይት ያላቸው ካርዶች በከፍተኛው የምስል ጥራት ሲንተባተቡ ታይተዋል። ጨዋታዎቹ በኋላ ተሻሽለዋል፥ የምስሉን ጥራት አንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግም ችግሩን ይፈታል፤ ቢሆንም መጪው ጊዜ ከ8 ይልቅ ለ12 እንደሚያዳላ አንክድም። በዚህ ላይ 6600 ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በ8 መስመር ብቻ ነው። በአዲስ ማዘርቦርድ ምንም አይደል፤ እንደ እኛ ያለው የቀድሞው ፒሲአይ 3 ማዘርቦርድ ላይ ግን የመስመሩ ፍጥነት በግማሽ ይቀንሳል። በአማካይ የሚታጣው ጥቂት ነው፤ የካርዱ ሜሞሪ ሞልቶ ሲፈስ ግን ያ ጠባብ መስመር ይሰማል።

እስከዚህ ድረስ የተጻፈው ለማንም አገር ተማሪ ይሆናል። አሁን ወደ አይከል እንምጣ። ከጐንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ያለችው ከተማችን የጭልጋ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ የጭልጋ ምድር የድንጋይ ከሰል እንዳለው በጂኦሎጂ መጻሕፍት የታወቀ ነው፤ ከሰሉ ከእግራችን በታች ተኝቶ እኛ መብራት ስትጠፋ ሻማ እንፈልጋለን። መብራት ስትኖርም ቢሆን ምሽት ላይ ሌላ ችግር አለ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3000 ዋት በላይ ይስባል፤ በሰፈሩ አምስት ስድስት ምጣድ አንድ ላይ ሲሰማ ቮልቱ ይወርዳል፥ አምፖሉ ይደበዝዛል። ኮምፒዩተር የሚጠፋውም ሆነ የሚበላሸው በዚህ ሰዓት ነው። ስለዚህ ስታቢላይዘር ለቅንጦት የሚገዛ ዕቃ አይደለም፤ ካርዱን ከመግዛት በፊት ሊታሰብበት ይገባል።

አሁን ሒሳቡን እንመልከት። 3060 እስከ 170 ዋት፥ 6600 እስከ 132 ዋት ይወስዳሉ። ልዩነቱ 38 ዋት ነው፤ በቀን አራት ሰዓት ብንጫወት በወር 4 ኪሎዋት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፥ ለዚህ ሲባል ማንም አይጣላም። ቁም ነገሩ ሌላ ነው። «650 ቪኤ» ተብለው የሚሸጡት ትናንሽ ዩፒኤሶች ብዙ ጊዜ የሚችሉት 360 ዋት ያህል ብቻ ነው። ፕሮሰሰሩን፥ ሞኒተሩንና የቀረውን በጠቅላላው 130 ዋት ብናደርገው፥ ከ6600 ጋር 262፥ ከ3060 ጋር 300 ይሆናል። ሁለቱም ያልፋሉ፤ ነገር ግን ከዳርቻው የራቀው ዩፒኤስ ባትሪው ቀስ ብሎ ያልቃል፥ ካርዱ በድንገት ከፍ አድርጎ ሲስብም አይወድቅም። ፓወር ሰፕላይን በተመለከተ ኤንቪዲያ ለ3060 550 ዋት፥ ኤኤምዲ ለ6600 450 ዋት ይመክራሉ፤ የእኛው 450 ነው። 3060ን ብንመርጥ ፓወር ሰፕላይም መግዛት ነበረብን ማለት ነው።

ስለ ሙቀትም አንድ ቃል። አይከል ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፥ ፋን የሚነፋው አየር ሲሳሳ የሚወስደውም ሙቀት ያንሳል። ደግነቱ አየራችን ቀዝቃዛ ነው፤ የከፋው ጠላት የበጋው አቧራ ነው። ሁለት ፋን ያለውን ካርድ መምረጥና በየሁለት ወሩ በብሩሽ መጥረግ ይበቃል።

የገበያውን ነገር ሁሉም ያውቀዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ 329 ዶላር 18,753 ብር ይመጣል። ዶላሩ 120 ብር ሲገባ ያው 329 ዶላር 39,480 ብር ሆነ። ትርፍና ማጓጓዣ ገና አልተጨመረም። ስለዚህ ሰው ወደ አሮጌ ካርድ ይሄዳል፤ እኛም ከዚህ በፊት ሄደን ነበር። «ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ» ተብሎ የተሸጠልን ካርድ ዊንዶውስም በዚሁ ስም ጠራው፤ ጨዋታ ስንከፍት ግን ማሽኑ ተዘጋ። ውስጡ የብዙ ዓመት አሮጌ ቺፕ ሆኖ፥ ስሙን የሚናገረው ባዮስ ብቻ እንደ ገና ተጽፎበት ነበር። ሻጩን ብንፈልገው ስልኩ አይሠራም። «ጂፒዩ-ዚ» የተባለው ነጻ ፕሮግራም እንዲህ ያለውን ካርድ ለይቶ የሐሰት መሆኑን ይጽፋል፤ በፍላሽ ይዞ መሄድና ገንዘብ ከመክፈል በፊት ማስከፈት ነው። ሻጩ እንቢ ካለ መልሱን ሰጥቷል።

ሐሰት ያልሆነ ግን የሚያሳስት ስምም አለ። «3060» የሚባለው ካርድ 8 ጊጋባይት የሆነ ወንድም አለው፤ መንገዱም 128 ቢት፥ ፍጥነቱም 240 ጊጋባይት ነው፥ በጨዋታም በግልጽ ያንሳል። ሣጥኑ ላይ 12 መሆኑን ሳያዩ «3060 ነው» ብሎ መክፈል አይገባም። በ6600 በኩል ከፍ ያለው «ኤክስቲ»፥ ዝቅ ያለው ደግሞ «6500 ኤክስቲ» የተለዩ ካርዶች ናቸው፤ የመጨረሻውን በፍጹም አንመክርም። ሲቈፍር የኖረ ካርድ ሲያጋጥም ፋኑን በእጅ አዙሮ መስማት፥ ከዚያም ከባድ ጨዋታ ለግማሽ ሰዓት እያስኬዱ ሙቀቱን መከታተል ነው። የቈፈረ ሁሉ የሞተ አይደለም፤ ዋጋው ግን የአዲስ ሊሆን አይገባም።

አንዱ ጓደኛችን ኮምፒዩተር ሳይንስ ያጠናል፤ እርሱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከ3060 አልተነቀነቀም። ምክንያቱም ቀላል አይደለም። ኩዳ የተባለውን የኤንቪዲያ መሣሪያ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች አስቀድመው የሚጻፉለት ነው፤ በኤኤምዲ ካርድ ለመሥራት ብዙ መታገል አለ። በብሌንደር ሥዕል የሚሠራም ሰው በሁለቱ ይሠራል፥ በኤንቪዲያ ግን ይፈጥናል። 12 ጊጋባይቱም ለእንዲህ ያለ ሥራ ከጨዋታ ይልቅ ይጠቅማል። ኮምፒዩተሩ በዶርም የሚቀመጥና የመመረቂያ ሥራ የሚሠራበት ቢሆን ኖሮ፥ ያለ ጥርጥር ከእርሱ ጋር እንቆም ነበር፤ ለእንደዚህ ያለ ተማሪም የምንመክረው 3060 ባለ 12 ጊጋባይቱን ነው።

የእኛ ግን የሚቀመጠው አይከል፥ ታናናሾቻችን ባሉበት ቤት ነው። የቀረበልን 3060 የቈፈረ ነበር፤ 6600 ከነማሸጊያው ነበር፥ ባለን ፓወር ሰፕላይም ይሄዳል። ድምፅ ሰጠን፤ ሦስት ለሁለት 6600 ተገዛ። ተቃዋሚው ጓደኛችን «በሦስት ዓመት ውስጥ በ8 ጊጋባይቱ ትጸጸታላችሁ» ያለው ቃል በዚህ ጽሑፍ እንዲገባለት ጠይቆናል፤ ገብቶለታል።

ከመሄዳችን በፊት ድራይቨሩን እዚህ አውርደን በሁለት ፍላሽ ይዘናል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በቈየበት ጊዜ፥ ያለ ድራይቨር የተቀመጠ ካርድ ከብረት ቍራጭ እንደማይሻል አይተናል። ጨዋታዎቹንም ያለ ኢንተርኔት የሚከፈቱትን ብቻ መርጠን በዲስክ ገልብጠናል፤ ማንም የአይከል ልጅ ዲስኩን ይዞ ቢመጣ እንገለብጥለታለን።