ይህ ዜማ በትሮምቦን ይነፋልን?

በደብረ ታቦር ዙሪያና በጉና ተራራ ግርጌ ዋሽንት የሚጫወቱ ሰዎች ርዝመታቸው የተለያየ በርካታ ዋሽንቶች የሚይዙት ያለ ምክንያት አይደለም። ረዥሙ ወፍራም፣ አጭሩ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ 40 የአርመን ወጣቶችን ከኢየሩሳሌም አስመጥተው የነሐስ ባንድ ካቋቋሙ ወዲህ ከአገራችን ዜማ ጋር ይበልጥ የተዋወቀው ትሮምቦን ግን ርዝመቱን እየተነፋ ይለውጣል፤ ተጫዋቹ ተንሸራታቹን ቧንቧ ሲገፋ ድምፁ ይወፍራል።

ለዚህ መሣሪያ የሚጽፍ ሰው ድምፆቹ በመሣሪያው ክልል ውስጥ መሆናቸውን ብቻ አይቶ «ይነፋል» ሊል አይገባውም። በእኛ እምነት ዋናው ጥያቄ እጁ ከየት ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው።

ተንሸራታቹ 7 ቦታዎች አሉት። ወደ ቀጣዩ ቦታ በተገፋ ቁጥር ድምፁ በግማሽ ቶን ይወርዳል፤ ለዚህም ቧንቧው በየጊዜው 6 በመቶ ያህል መርዘም አለበት። ከ1ኛው እስከ 7ኛው ያለው ርቀት ግማሽ ሜትር ያልፋል። ከንፈርን በማጥበቅ በአንዱ ቦታ ብዙ ድምፆች ይገኛሉ፤ በታችኛው ክልል ግን የተራራቁ ስለሆኑ አብዛኞቹ አማራጭ ቦታ የላቸውም።

አምባሰልን ከታችኛው ቢ ፍላት እንጀምረው እንበል። ሁለተኛው ድምፅ ቢ ነው፤ ለጆሮ ከግማሽ ቶን አይርቅም። ነገር ግን ቢ ፍላት በ1ኛው፣ ቢ ደግሞ በ7ኛው ቦታ ይገኛል! ድምፁ ጥቂት ከፍ ሲል ክንድ እስከ መጨረሻው ይዘረጋል። በዝግታ ይቻላል፤ በፈጣን ምት እየተመላለሰ ከተጻፈ ግን ወይ ድምፁ ይንሸራተታል ወይ ይዘገያል። በአውራ ጣት የሚሠራ ቫልቭ ያለው ትሮምቦን ችግሩን ያቃልላል፤ ሆኖም ሁሉም ተጫዋች እንዲህ ያለው መሣሪያ የለውም።

ያንኑ አምባሰል በአንድ ቶን ከፍ አድርገን ከሲ ብንጀምረውስ? ሲ በ6ኛው፣ ዲ ፍላት በ5ኛው፣ ጂ በ4ኛው፣ ኤ ፍላት በ3ኛው ቦታ ይነፋሉ። ኤፍ በተለምዶ በ1ኛው ቢነፋም በ6ኛውም ይገኛል። ዜማው በሙሉ ከ3ኛው እስከ 6ኛው ባለው ስፍራ ተሰበሰበ ማለት ነው።

የደጋው ብርድም የሚጨምረው ነገር አለ። የድምፅ ፍጥነት በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በሰከንድ 346 ሜትር ገደማ ሲሆን በ10 ዲግሪ ወደ 337 ይወርዳል፤ ስለዚህ ያልሞቀ ትሮምቦን ድምፁ ዝቅ ይላል። (ከፍታው ራሱ ጥፋት የለበትም፤ ጥፋቱ የብርዱ ነው።) ተጫዋቹ ይህን የሚያርመው ቧንቧውን በማሳጠር ነው። ተንሸራታቹ 1ኛው ቦታ ላይ ሲሆን ግን ከዚያ ወዲያ ስለማይሳብ፣ የቀረው መፍትሔ የማስተካከያውን ቧንቧ መግፋት ወይም መሣሪያውን በትንፋሽ ማሞቅ ነው። ከሲ የተጀመረው አምባሰል 1ኛውን ቦታ ጨርሶ አይነካም።