ለትንሽ የውሃ ኤሊ ሳፋ አይበቃም

የእንስሳት ሐኪም በመሆኔ ከአዲስ አበባው አየር ጤና አካባቢ ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ፣ ልጆች የሚያሳድጓት ትንሽ የውሃ ኤሊ ምን ውስጥ ትቀመጥ የሚል ነው። ብዙው ቤት ሳፋ ውሃ ሞልቶ መስኮት ሥር ማኖር በቂ ይመስለዋል። አይበቃም፤ ከጥበቱ ይልቅ የሚጎዳት ብርድና የፀሐይ እጦት ነውና። ኤሊ እንደኛ ሰውነቷን ከውስጥ አታሞቅም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በሚበልጥ ከተማ ሌሊት ውሃው ሲቀዘቅዝ የበላችው አይፈጭም፤ በሽታ የመቋቋም አቅሟም ይደክማል። ስለዚህ ውሃው ከ25 እስከ 28 ዲግሪ፣ ወጥታ የምትደርቅበት ድንጋይ ደግሞ አምፖል ሥር 32 ዲግሪ ገደማ ይሁን። ቴርሞሜትር ግዙ፤ በእጅ መገመት አያዋጣም።

«በመስኮት ፀሐይ ይገባ የለ?» ሙቀቱ ይገባል፤ አጥንትና ቅርፊት የሚያጠነክረውን ቫይታሚን ዲ የሚያሠራውን ጨረር ግን መስታወት ያስቀረዋል። ቅርፊቷ እየለሰለሰ ወይም እየተጣመመ ከመጣ፣ የዚህ ጨረርና የካልሲየም እጥረት ይጠረጠራል። ጥሬ ሥጋ ብቻ መመገብም ያባብሰዋል። የጨረር አምፖል ካጣችሁ ወይም መብራት ከጠፋ፣ ረፋዱ ላይ ግማሹ ጥላ በሆነ ሰፊ ዕቃ ደጅ አውጧት፤ ውሻና ጭልፊት ግን ጠብቁ። «በዱር ጭቃ ኩሬ ውስጥ አይደል የምትኖረው?» ለሚለውም፣ ኩሬው ሰፊ ነው፤ ኩሷ በሳፋ ውሃ እንደሚጠራቀመው አይጠራቀምም። ማጣሪያ ከሌላችሁ ውሃውን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ፤ ወጥ ቤት ግን አትድፉት። ኤሊ ሳልሞኔላ ትሸከማለች፤ አሜሪካ በ1975 እ.ኤ.አ. ቅርፊታቸው ከ10 ሴንቲ ሜትር በታች የሆኑትን መሸጥ የከለከለችው በዚሁ ምክንያት ነው። ልጆች ከነኳት በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

ጥያቄ ካላችሁ የኤሊዋንና የማኖሪያዋን ፎቶ፣ ከውሃው ሙቀት ጋር ላኩልኝ።