የስቅለት ዓርብ እና የአደም ተውበት



በፋሲካ ሰሞን ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሰው ሽሮ ሜዳ ላይ መንገዱ ይጠበዋል። ጥለታቸው ላይ መስቀል የተሠራባቸው ነጫጭ ቀሚሶችና ነጠላዎች በየሱቁ ደጃፍ ተሰቅለዋል፤ ከእኛም መካከል የዶርም ጓደኛውን አጅቦ ዋጋ የተከራከረ አይጠፋም። ከበዓሉ ሁለት ቀን በፊት ያለው ስቅለት ሁልጊዜ ዓርብ ነው። እኛ ለጁሙዓ ስንወጣ እነሱ በየቤተ ክርስቲያኑ ሲሰግዱ ይውላሉ።

በዚህ ሰሞን ዶርም ውስጥ ክርክር መነሳቱ አይቀርም። ከእኛ ወገን የሚሰማው ብዙውን ጊዜ «አምላክ ንጹሑን ልጁን በሌሎች ኃጢአት እንዴት ይቀጣል?» የሚል ጥያቄ ነው። ጥያቄው ግን አብዛኛው የኦርቶዶክስ ጓደኛችን የሚያምነውን ስለማይነካ ትርፉ ኩርፊያ ነው።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን እንደምታስተምረው በአዳም መተላለፍ ሞት በልጆቹ ሁሉ ላይ ነገሠ። አዳም ሲያለቅስ አምላክ ከ5,500 ዓመት በኋላ ከልጅ ልጁ ተወልዶ እንደሚያድነው ቃል ገባለት። ቃሉንም ራሱ ሥጋ ለብሶ ፈጸመ፤ የሞተው በፈቃዱ እንጂ ተገዶ አይደለም። ሞቱን «ካሳ»፣ «ቤዛ» ይሉታል። በነፍሱ ወደ ሲኦል ወርዶ አዳምን ከነልጆቹ እንዳወጣም ያምናሉ። «በእኛ ፈንታ ተቀጣ» የሚለው አነጋገር ይበልጥ የሚጎላው በፕሮቴስታንቶች ዘንድ ነው፤ ያ ጥያቄያችንም የሚቀርበው ለእነሱ ነው።

ደግሞም «ሞተልን» ሲሉ ንስሐ ቀረ ማለታቸው አይደለም። በስቅለት ዕለት ካህኑ በወይራ ቅጠል ጀርባቸውን ቸብ ቸብ እያደረገ ተጨማሪ ስግደት ያዝዛቸዋል።

ታዲያ የምንለያየው የት ላይ ነው? ዒሳ (ዐ.ሰ) እንዳልተገደሉና እንዳልተሰቀሉ አን-ኒሳእ 157 ይነግረናል፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። በእኛ እይታ ግን ቁልፉ ከዚያ በፊት አል-በቀራህ 37 ላይ ነው። አደም (ዐ.ሰ) ቶበቱ፤ አላህም ተቀበላቸው። ለልጆቻቸው የተረፈ ዕዳ የለም። አል-አንዓም 164ም ማንም የሌላውን ሸክም እንደማይሸከም ያስተምረናል። ዕዳ ከሌለ ካሳ ከፋይ አያስፈልግም፤ ስለዚህ ስለ መስቀል የምንከራከር ሲመስለን የምንከራከረው ስለ አደም ነው።

መሥዋዕት ለእኛም እንግዳ አይደለም። የኢብራሂም (ዐ.ሰ) ልጅ በታላቅ ዕርድ እንደተዋጀ አስ-ሷፋት 107 ላይ አለ፤ በየዒድ አል-አድሓውም ኡድሒያ እናርዳለን። አል-ሐጅ 37 ግን አላህ ዘንድ የሚደርሰው ተቅዋችን እንጂ ሥጋው ወይም ደሙ እንዳልሆነ ያሳስበናል።

ዘንድሮ ጓደኛችሁን «አዳም ንስሐ ሲገባ አምላክ ያለ መስቀል ይቅር ሊለው አይችልም ነበር ትላላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ መልሱንም እስከ መጨረሻው ስሙት። ዓርብ ዕለት ግን ተዉት። አክፍሎት ከያዘ እስከ ፋሲካ ሌሊት እህል አይቀምስም፤ ቀኑን ሙሉ ሲሰግድ ውሎ የዛለ ሰው ክርክር አያምረውም።