ከአልጋው ማን ያውርደው?

እ.ኤ.አ. በ1966 ዳላስ ከተማ ውስጥ አምስት ጤነኛ የ20 ዓመት ወጣቶች ለሦስት ሳምንት ከአልጋ እንዳይወርዱ ተደረገ። ሲነሡ የልባቸው አቅም ክፉኛ ወርዶ ተገኘ። ተመራማሪዎች ከ30 ዓመት በኋላ እነዚያኑ ሰዎች መልሰው ሲለኩ ደግሞ፣ በሥራ አቅማቸው ላይ የዕድሜ ጉዳት ከዚያ የሦስት ሳምንት መተኛት ያነሰ ሆኖ አገኙት። ጤነኛውን እንዲህ ያደረገ አልጋ፣ ጭናቸው ተሰብሮ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥተው ደሴ ሆስፒታል የሚተኙትን አዛውንት ምን ያደርጋቸው ይሆን?

አልጋ ላይ የዋለ ጡንቻ በቀናት ውስጥ ይሟሽሻል። በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም ይረጋል፤ ዳሌና ተረከዝ ላይ የተጫነው ቆዳ ደም አጥቶ ይቆስላል። በሌላ በኩል ሰው ሲቆም ግማሽ ሊትርና ከዚያ በላይ ደም ወደ ታች ይወርዳል። የጤነኛ ሰው ደም ሥር ወዲያው ጠበብ ብሎ ግፊቱን ይይዛል፤ ሰንብቶ የተነሣው ግን ዓይኑ ይጨልምና ይወድቃል። ሳያዩ «ይተኙ» ማለትም «ይነሡ» ማለትም አደጋ አለው።

የታማሚውን አቅም ማየቱ ደግሞ መሣሪያ አይፈልግም፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ንብረቱ ለተዘረፈው የደሴ ሆስፒታል ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ለነርሶች የተዘጋጀ አንድ መመዘኛ አራት ደረጃ ብቻ አለው። «አባባ፣ እስቲ ይጨብጡኝ» ትላለች ነርሷ። ታማሚው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እጁን በደረቱ ፊት አሻግሮ ይጨብጣል። ሰላምታ ይምሰል እንጂ የወገቡን ጥንካሬ፣ ሚዛኑንና የተባለውን መረዳቱን በአንድ ጊዜ ያሳያል። ቀጥሎ ጉልበቱን ዘርግቶ ቁርጭምጭሚቱን ያንቀሳቅሳል። ከዚያ ተነሥቶ አምስት ሰከንድ ይቆማል፤ በመጨረሻም ባለበት ይረግጥና አንድ እርምጃ ይራመዳል። ያልቻለው ደረጃ ምን ያህል ድጋፍ እንደሚያሻው ይናገራል። (ሐኪም በሁለቱም እግሩ እንዳይረግጥ የከለከለው ሰው በዚህ መንገድ አይፈተንም።)

ነገሩ ለነርሶቻችን እንግዳ አይደለም። በአገራችን የሚሠራበት የነርሲንግ ፕሮሰስ ቅጽ የነርሲንግ ምሁሯን የማርጆሪ ጎርደንን 11 የጤና ዘርፎች ይከተላል፤ አንዱ የታማሚው እንቅስቃሴ ነው። ግን ቅጹ ታማሚው ሲገባ አንዴ ተሞልቶ ካርድ ውስጥ ከቀረ ምን ይፈይዳል? ትናንት ይራመድ የነበረ ዛሬ ከቀዶ ጥገና ወጥቶ መቀመጥ ሊያቅተው ይችላል። ስለዚህ በየፈረቃው ርክክብ ላይ ተረኛዋ «ማን ይቆማል? ማን አይቆምም?» ብላ ብትጠይቅ፣ ሌላ ቅጽ ከመጨመር ይሻላል ባይ ነኝ።

ከውጭ የመጣው ይህ የመመዘኛ ዘዴ የማያውቀው አንድ ሰው ግን አለ፤ አስታማሚው። ዘዴው ነርሷ ታማሚውን ታነሣለች ብሎ ይነሣል። እኛ ዘንድ ሌሊት አባቱን ደግፎ ሽንት ቤት የሚያደርሰው ከወረኢሉ አብሮ የመጣው ልጅ ነው፤ ካርዱን አላየም። ነርሷ ስታስጨብጥና ስታስቆም ልጁ አጠገቧ ቆሞ ቢያይ፣ እንዴት እንደሚደግፍም በዚያው ብታሳየው፣ የምርመራው ጥቅም ከወረቀት ይወጣል። እሱም ቢሆን ረቡዕ ለአክስቱ ለቆ ወደ እርሻው ይመለሳል። ስለዚህ ከአልጋው ራስጌ «ብቻውን»፣ «በሁለት ሰው»፣ «አይነሣ» የሚል፣ ማንበብ ለማይችልም በሥዕል የተደገፈ ወረቀት መለጠፍ አለበት፤ ታማሚው በታየ ቁጥርም ይቀየራል።