የስፖርት ካርድ ክምችት፦ አደራደሩና ሐላል አሻሻጡ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



አሜሪካ በምንኖር ቤተሰቦች ዘንድ ልጆች አድገው ከቤት ሲወጡ ትተዋቸው ከሚሄዱ ዕቃዎች አንዱ በሳጥን የታጨቀ የስፖርት ካርድ ነው። ካርዱ የመዳፍ ያህል ስፋት ያለው ጠንካራ ወረቀት ሲሆን፣ በፊቱ የቤዝቦል፣ የቅርጫት ኳስ ወይም የሌላ ስፖርት ተጫዋች ፎቶ፣ በጀርባው ደግሞ የተጫዋቹ ውጤት ታትሞበታል። አንዳንዶቻችን “ወረቀት ነው” ብለን እንጥለዋለን። ሌሎቻችን ደግሞ አንድ ካርድ በሚሊዮን ዶላር ተሸጠ ሲባል ሰምተን ሀብት ቤታችን የገባ ይመስለናል። ገንዘብን ማባከን በዲናችን የተወገዘ ነው፤ ሰውን አታሎ መሸጥም እንዲሁ። ታዲያ ከሁለቱም የምንድነው እንዴት ነው?

በቅድሚያ የካርዱ ባለቤት ማን እንደሆነ እንለይ። ልጁ በገንዘቡ የገዛው ወይም በስጦታ ያገኘው ንብረቱ ነውና ሳናስፈቅደው አንሽጠው። ባለቤቱ ወደ አኺራ የሄደ ከሆነ ካርዱ የውርስ ንብረት ነው። የቀብሩ ወጪ፣ ዕዳውና ኑዛዜው ከተፈጸመ በኋላ በሸሪዓው ድርሻ ይከፈላል። አንዱ ወራሽ “የልጅ መጫወቻ ነው” ብሎ ሳይገመት ይዞት እንዳይሄድ፣ ቆጠራው ወራሾች ባሉበት ይሁን።

ቀጥሎ ድርደራው ነው። ጠረጴዛውም እጃችንም ንጹሕና ደረቅ ይሁን። ካርዶቹን መጀመሪያ በስፖርት ዓይነት፣ ከዚያ በዓመት፣ ከዚያ በአሳታሚ ድርጅት፣ በመጨረሻም በጀርባቸው ባለው ቁጥር እንለያቸው። ለዚሁ የተሠሩ 800፣ 3,200 እና 5,000 ካርድ የሚይዙ የካርቶን ሳጥኖች ይሸጣሉ። ላስቲክ አንሰርባቸው፤ ጠርዛቸውን ይበላዋል። ዋጋ ያለው የሚመስለውን ለብቻው በስስ ፕላስቲክ፣ በላዩም በጠንካራ ፕላስቲክ እናኑረው። የለየነውንም በደብተር ወይም በኮምፒውተር እንመዝግብ።

ስንለይ ዘመኑን ማወቅ ይጠቅማል። ከ1980ዎቹ አጋማሽ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ካርዶች ከመጠን በላይ ስለታተሙ አብዛኞቹ ዛሬ ከሳንቲም የማያልፍ ዋጋ ነው ያላቸው። በብዙ ቤት ያለውም ይኸው ነው። በአንጻሩ ቶፕስ የተባለው ድርጅት በ1952 ያሳተመው የሚኪ ማንትል ካርድ አንዱ ቅጂ በ2022 በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። ይህን ያህል ያወጣው ዕድሜው ብቻ አይደለም። ተፈላጊ ተጫዋች መሆኑና ያለ ጉዳት መቆየቱም ጭምር ነው። ፍሊር በ1986 ያወጣው የማይክል ጆርዳን 57 ቁጥር ካርድም ውድ ነው፤ ነገር ግን አስመስለው የሠሩት ሐሰተኛ ቅጂ ስለበዛ በዓይን አይተን “እውነተኛ ነው” ብለን አንማል።

ዋጋ ስንጠይቅ ሻጮች የጠሩትን ሳይሆን በእርግጥ የተሸጠበትን እንይ። ኢቤይ ላይ የተሸጡትን ብቻ ለይቶ ማየት ይቻላል። ካርድ መርምረው ከ1 እስከ 10 ደረጃ የሚሰጡ ድርጅቶችም አሉ፤ ክፍያቸው ግን ከካርዱ ዋጋ ሊበልጥ ስለሚችል ሁሉንም መላክ ኪሳራ ነው። አንድ በአንድ መሸጥ የተሻለ ያስገኛል፤ ግን ብዙ ጊዜ ይወስዳል፤ የኮሚሽንና የፖስታ ወጪም አለው። በጅምላ ለነጋዴ መስጠት ይቀላል፤ ነጋዴው መልሶ አትርፎ የሚሸጠው ስለሆነ ዝቅ አድርጎ ቢገዛን እንደበደል አንቁጠርበት። ሁለት ሦስት ነጋዴ ጠይቆ ማወዳደር ግን መብታችን ነው።

ውድ አድማጮቻችን፣ ዋናው ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን እህል ክምር ውስጥ አስገብተው እርጥበት ባገኙ ጊዜ፣ እርጥቡን ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ሻጩን ጠይቀውታል፤ የሚያታልልም ከእሳቸው ወገን እንዳልሆነ ተናግረዋል። የካርድ እርጥበት የታጠፈ ማዕዘን፣ ጭረትና የተቆረጠ ጠርዝ ነው። ቢል ማስትሮ የተባለው ታዋቂ የአሜሪካ ጨረታ ነጋዴ እጅግ ውድ የሆነውን የሆነስ ዋግነር ካርድ ጠርዙን እንደቆረጠ በ2013 ፍርድ ቤት ውስጥ አምኗል። በድርጅቱ ጨረታዎችም የውሸት ተጫራች እያስገቡ ዋጋ ያስወድዱ ነበር። በ2015 የ20 ወር እስራት ተፈረደበት። ይህ ዋጋ ማስወደድ በሸሪዓችን ነጅሽ የሚባለው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የከለከሉት ነው። ዘመድ ወይም ጓደኛ “ለማሟሟቅ” ዋጋ እንዲጨምርልን ማድረግ ያው ነው።

ስለዚህ የካርዱን ፊትና ጀርባ በጥሩ ብርሃን ፎቶ እናንሳ፤ ጉድለቱን እንጻፍ፤ ያላረጋገጥነውን “አልተረጋገጠም” እንበል። ርካሹን ካርድ በታሸገ ከረጢት ከትቶ “ውድ ሊገኝበት ይችላል” ብሎ መሸጥም ገዥው ምን እንደገዛ የማያውቅበት ገረር ነውና እንራቀው።

ከሽያጭ በኋላ ገንዘቡ ከሌላው ጥሬ ገንዘባችን ጋር ለዘካ ይታሰባል። ካርዱን መጀመሪያውኑ ለንግድ የገዛነው ከሆነ ግን፣ በብዙኃኑ ዑለማኦች ዘንድ፣ ኒሷብ ሞልቶ የጨረቃ ዓመት ሲዞርበት ከነዋጋው 2.5 በመቶ ይወጣበታል። የአሜሪካ ግብርንም አንርሳ፤ ከአንድ ዓመት በላይ ተይዞ የተሸጠ የዚህ ዓይነት ክምችት ትርፍ እስከ 28 በመቶ የፌዴራል ግብር ሊከፈልበት ይችላል።

ልጆቻችን ድርደራውን አብረውን ይሥሩ። ሒሳብም ይማሩበታል፤ ከሁሉም በላይ አባትና እናታቸው የካርዱን ጭረት ለገዥ ሲናገሩ ይሰማሉ። ያ ጭረት ከዋጋው አምስት ዶላር ቢቀንስ እንኳ ልጁ የሚያየው አማና ከአምስት ዶላር ይበልጣል።

አላህ (ሱ.ወ.) ሪዝቃችንን ሐላል፣ በረካ ያለው ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።